የያኤል የአገር ቤት አድራሻ

መጋቢት 24 ቀን 2017። ወረዳ ጽሕፈት ቤት አግዳሚ ላይ ተቀምጫለሁ።

ልጄ ያኤል፣ የጌታ ሰላም ይብዛልሽ፤ እኛ ደህና ነን። እዚያ ባሕር ማዶ በምትማሪበት ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ለሠራሽበት ደመወዝ የምትሞዪው የግብር ቅጽ የአገር ቤት አድራሻ ስለጠየቀሽ፣ የመካኒሳ ቤታችንን የአድራሻ ማረጋገጫ ላወጣልሽ መጣሁ።

«አባባ፣ ሰፈሩ ለልማት ስለሚነሣ የቤቱ ቁጥር ከመዝገብ ወጥቷል» አለችኝ ጸሐፊዋ።

«ታዲያ ዛሬ ጠዋት በማን በር ወጣሁ?»

«እኔ ላይ አይጩሁ፤ ይህን ይሙሉ።»

ወረቀቱ ሠላሳ ዓመት አንድ ቤት ውስጥ የኖረን ሰው «የሚዛወሩበት አድራሻ» ብሎ ይጠይቃል! እናትሽ ከሰኞ ጀምሮ ዕቃ በማዳበሪያ እየከተተች ነው፤ ጽዳት ነው ትላለች።

ወረቀቱን ባዶውን ለጸሐፊዋ ትቼላት እየወጣሁ ነው። አንቺ ያደግሽበትን ቤት ጻፊ፤ ውሸት አይደለም። ጌታ ይጠብቅሽ።

አባትሽ መኩሪያ