ክብና ጭረት

ኅዳር 14 ቀን 2005 ዓ.ም.

ልጄ ሰብለ የኮሪያ ድራማ ካላየች እህል አይወርድላትም። ዛሬ አልጋዋን ሳነጥፍ ደብተሯን አገኘሁ። ክብና ጭረት ብቻ ነው፤ ክታብ መስሎኝ አማተብኩ።

«የኮሪያ ፊደል ነው እማዬ!» ብላ ሳቀች።

«ምን ይላል?»

«ዘፈን ነዋ! ማንበብ ከቻልሽ ወዲህ ፖሊስ ሆንሽ እኮ።»

ማንበብ ሳልችል ሁሉን በአማርኛ ጽፋ ጠረጴዛ ላይ ትተወው ነበር። በስተርጅና ፊደል ስለይ ነው ኮሪያኛ ያማራት።

አንዱ ገጽ ላይ አንድ ቃል አምስት ጊዜ ተጽፏል። ቀድጄ መቀነቴ ውስጥ ቋጥሬዋለሁ። ነገ ቤተ ጊዮርጊስ በር ላይ ተቀምጬ ኮሪያዊ ቱሪስት እጠብቃለሁ። የወንድ ስም ከሆነ ወዮላት! የእኔ ስም ከሆነ ደግሞ ምን ብላ ጽፋብኝ ይሆን...