ጀርባዋ ላይ ያየሁት ዱቄት

ጥቅምት 9 ቀን 1974 ዓ.ም.፣ ጠዋት

ለስኳር ተሰልፌ መጣሁ። እኔ ጋ ሲደርስ አለቀ። ወርቄ ዛሬም አታናግረኝም። ልጄ ናት። ሻይዬን ታስቀምጣለች፣ ፊቷን ታዞራለች።

ደብተሬ፣ ነገሩን አንዴ ልጻፈውና ይውጣልኝ። እጄ ቀርፋፋ ነው፣ ታገሠኝ። ፊደል የለየሁት በስተርጅና ነው። ያስተማረችኝም ሰናይት ናት፣ የወርቄ ልጅ፣ የልጅ ልጄ። ሃያ ዓመቷ። ማታ ማታ ቀበሌው አዳራሽ መሠረተ ትምህርት ታስተምር ነበር። አምና እህል ልታስፈጭ ሄዳ ባለወፍጮው ተፈራ በር ዘግቶ ደፈራት። ተፈረደበት፣ ታሰረ። አሁን ይግባኝ ብሏል። ማስረጃው አይበቃም ነው የሚለው።

የመሰከርኩት ይሄን ነው። አጥር እጠግናለሁ። ሊመሽ ነው። ሰናይት መጣች። እጇ ባዶ፣ ዱቄቱን ትታዋለች። ጀርባዋ ከአንገቷ እስከ ቀሚሷ ጫፍ ዱቄት። እዚያው እንደቆመች ተፈራ ነው አለችኝ። የተፈራ ጠበቃ ድርጊቱን በዓይንህ አይተሃል ወይ አለኝ። አንተ አለኝ፣ በሽበቴ! አላየሁም አልኩ። አላየሁማ።

የወርቄ ቂም ይቺ ናት። አየሁ ብትል ምን ነበረበት ትላለች። ይግባኙም ባልመጣ ነበር ትላለች።

ጥቅምት 12፣ ከሰዓት

ሽማግሌ ተላከብኝ። ጎረቤቴ ባይሳና ሁለት የተፈራ ዘመዶች። ነጠላ አጣፍተው፣ ጉሮሯቸውን ጠራርገው። ልጁ ተጸጽቷል አሉ። ያግባት፣ ወፍጮውም የእሷ ይሁን፣ እናንተም ፍ/ቤቱ ፊት ታርቀናል በሉ አሉ። እኔም ጠየቅኳቸው። የመጣችሁት ለሰው ነው ለጊደር? ለጊደር ከሆነ ገበያው ሸጎሌ ነው፣ መንገድ ስታችኋል።

ባይሳ ተነሣ። «አቤት ምላስህ! ሙሉን የገደላት ይኸው ምላስህ ነው» አለኝ። ባለቤቴን ማለቱ ነው፣ ነፍሷን ይማር። ሙሉ የሞተችው በወባ ነው፣ እሱም ያውቃል፣ ቀብሯ ላይ ከእኔ ይልቅ ያለቀሰ እሱ ነው። ደህና ዋል አልኩት። ሻዩን ሳይጠጣ ሄደ። እኔ ጠጣሁለት።

ሰናይት ጓዳ ሆና ሰምታለች።

ጥቅምት 20፣ ጠዋት

ወርቄ ተናገረች! ግን የተናገረችው ምን መሰለህ። ዓቃቤ ሕጉ ዘንድ ሂድ፣ ትዝ አለኝ በል፣ ጩኸቷን ሰምቼ ነበር በል። አንድ ቃል ናት አባባ፣ አንድ ቃል አለችኝ። እያለቀሰች። የልጄን እንባ አልችልም።

ኮቴን ለበስኩ። እውነቱን ልጻፍ፣ ልሄድ ነበር። ከአዲሱ ገበያ አውቶቡስ እይዛለሁ ብዬ በር ስደርስ ሰናይት ልብስ ታሰጣለች። የት ነው አባባ አለችኝ። ነገርኳት። እጥበቱን ጨምቃ ገመዱ ላይ አደረገች። ከዚያ ቀስ ብላ፣
«እኔ አልጮህኩም። አፌን ይዞኝ ነበር። ፍርድ ቤትም ያልኩት ይሄንኑ ነው። እርስዎ ጩኸት ሰማሁ ካሉ፣ ከሁለታችን ማን ዋሸ ሊባል ነው?»

ኮቴን አወለቅኩ። ወርቄ ምጣድ የምታህል ሰሐን ወረወረች፣ ቆርቆሮ ስለሆነ አልተሰበረም።

ጥቅምት 27፣ ማታ

ፍ/ቤት ዋልን። ሦስታችንም። ከረባት አድርጌያለሁ፣ የምናገረውንም መንገድ ላይ አጥንቻለሁ። ስማችን ሲጠራ ብድግ አልኩ። አስተናባሪው ይቀመጡ አባት አለኝ። እዚህ ምስክር እንደገና አይሰማም፣ ታች ፍ/ቤት የተናገሩት ተጽፎ መጥቷል፣ ዳኞቹ የሚያዩት እሱን ነው አለ። ሰው ቆሞ ወረቀት ያያሉ! ተቀመጥኩ። ከረባቴን አላላሁ።

ጠበቃው ተናገረ። ያየ ሰው የለም አለ። የሐኪም ወረቀት ቁርጥ ያለ ነገር አይልም አለ። ወፍጮ ቤት የገባ ሁሉ ዱቄት ይነካዋል አለ። ኋላ ወደ እኔ ጠቆመ፣ የራሷ አያት እንኳ አላየሁም ብለዋል አለ። ዛሬስ አንቱ አለኝ፣ ስጠቅመው ጊዜ። ወርቄ ዞር ብላ አየችኝ። ያን አስተያየት አልጽፈውም።

ለኅዳር 8 ተቀጠረ።

ኅዳር 8፣ ከሰዓት በኋላ

ጸንቷል። ፍርዱ ጸንቷል!

ቀስ ብዬ ልጻፍ። ዳኛው መነጽሩ ወፍራም፣ ንባቡ ጥድፊያ። የያዝኩትን ያህል ያዝኩ። ልጅቷ ያለችው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድ ነው አለ። ከፍላ ያስፈጨችውን ዱቄት ጥላ በባዶ እጅ የምትመጣው ያለ ምክንያት አይደለም አለ። ከዚያ የእኔን ስም ጠራ። ጀርባዬ ቀና አለ። ምስክሩ አያቷ ናቸው፣ ሊረዷት ቢፈልጉ አየሁ ማለት ይችሉ ነበር፣ ያላዩትን አላየሁም ብለዋልና አየሁ ያሉት ይታመናል። እንደዚህ ነው ያነበበው። ጠበቃው መዝገቡን ዘጋ።

አውቶቡስ ላይ ወርቄ አጠገቤ ተቀመጠች። ይቅርታ አላለችም። የኮቴ ቁልፍ ተፈቶ ነበር፣ ቆለፈችልኝ። ከእኔ የወረሰችው ግትርነት ነው፣ ምን ብዬ እናገራለሁ።

ሰናይት በመስኮት እንጦጦን ታያለች። አላለቀሰችም፣ አልሳቀችም። ደክሞኛል አለች፣ እሱንም አንዴ።

ኅዳር 9፣ 11 ሰዓት

ሰናይት ጠመኔ ፈልጉልኝ አለች። ዛሬ ማታ ላስተምር ነው አለች። ከዚያ ክፉ ቀን ወዲህ አዳራሹን ረግጣው አታውቅም፣ መንገዱ በወፍጮ ቤቱ በር ነው። ከዘራዬን አነሣሁ። ብቻዬን አለች። ተማሪሽ ነኝ፣ ወዴት ልሂድልሽ አልኳት። ሳቀች! ደብተሬ፣ ስንት ጊዜዬ ነው ይሄን ሳቅ ከሰማሁ።

ተስማማን። ትቀድማለች። ወፍጮ ቤቱን አልፋ እስክትታጠፍ እኔ አጥሩ ጋ እቆማለሁ። አልጠራትም፣ አላስልም። ከታጠፈች ወዲያ እከተላለሁ፣ ፊት ወንበር ላይ እቀመጣለሁ።

ነጠላዋን አደረገች። ወጣች። በል ደብተሬ፣ ብብቴ ሥር ግባ፣ መምህራችን ታጠፈች።