አውድማው ላይ የተቆፈረው ጉድጓድ

ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ 5

ከሰቆጣ ደሃና ድረስ የመጣሁት የአባዬን ገብስ ውቂያ ላግዝ ነበር። ታናሽ ወንድሜ ደሳለኝ ግን ጠዋቱን ሙሉ በወሬ ያዘኝ። ዱባይ የጎልፍ ሜዳ ሣር ሲያጠጣ ኖሮ ነው የተመለሰው።

«አንተ ፑል ቤት የምትውለው ጎልፍ እየተጫወትክ እኮ ነው!» ይለኛል። «ያው ዱላ፣ ያው ኳስ፣ ያው ጉድጓድ። አጎንብሰህ ታነጣጥራለህ፣ ቀስ አድርገህ ትመታለህ። የሚያስፈልገን ለጥ ያለ ሜዳ ብቻ ነው።»

ለጥ ያለ ሜዳ ብሎ ያገኘው አውድማውን ነው። አባዬ ደልድለው በእበት የለቀለቁትን፣ እኛ ቤት ማንም በጫማ የማይረግጠውን አውድማ! ከነጫማው ገብቶ መሃሉ ላይ ብርጭቆ የሚውጥ ጉድጓድ በዶማ ቆፈረበት።

እውነቱን ነው፣ ይመሳሰላሉ። ሁለቱም ላይ ሰው አንዴ ካጎነበሰ ከኳሷ በቀር ምንም አይታየውም።

አባዬ ነዶ ተሸክመው መጡና ጉድጓዱን አዩት።

«እህሉ እዚህ ይግባ?» አሉ።

ደሳለኝ ሳቀ። «አባዬ፣ እርስዎም አንዴ ይሞክሩት!»

ያ ሳቁ አስጠላኝ። አባዬ ነዶውን አወረዱ። ጫማቸውን ጠርዙ ላይ አውልቀው ገቡ፤ ተንበርክከው ጉድጓዱን በእጃቸው አፈር ሞሉት፣ ላዩን በእበት ለቀለቁት። እስኪደርቅ ድረስ ውቂያው ቀረ።

ደሳለኝን ልሰድበው አፌን ከፈትኩ። ምን ብዬ ልስደበው? ኳሷን የመምታት ተራው የእኔ ነበር፤ ዱላው እጄ ላይ ነበር። ጫማዬንም አላወለቅኩም።