አባባ ሳይገዛው ዶሮ ያረደለት መኪና

ለምወድህ ወንድሜ፣ ለጋሼ ፋውስቶ፤

እንዴት ከርመሃል? መርከቡ፣ ባሕሩ፣ ብርዱ እንዴት ይዞሃል? ያ የሚያብጠው እግርህስ ተሻለው? ምግቡን ለመድከው ወይስ እንደ ድሮው ታማርጣለህ? እኛ ከዝናቡ በቀር የሚያሳስበን የለም፤ ሁላችንም ደኅና ነን። ወሬዬ አላስቀምጥ ስላለኝ ቶሎ ልንገርህ።

ጥቅል ጎመኑ ደርሷል። አምና ከማሳው ወደ አስፋልቱ የሚወስደው ዳገት ጭቃ ሆኖ፣ መኪና ሁሉ እምቢ ሲል፣ ግማሹ በስብሶ ግማሹን እማማ በጀርባዋ እንዳወጣችው ታውቃለህ። ወገቧ ከዚያ ወዲህ አልተቃናም። ዘንድሮም መኪና ካላገኘን ያው እሷ ነበረች ተሸካሚዋ።

ማክሰኞ ከአባባ ጋር ላ ትሪኒዳድ ከተማ ወርደን የአቶ ዴልፊንን አሮጌ ፎር ዊል፣ በአራቱም ጎማ የሚጎትት ፒካፕ አየን። አባባ ቀዩን ቀለም ገና ከሩቅ ሲያይ ልቡ ጠፋ። ይባስ ብሎ ዶሮ ይዞ ነው የሄደው! ሰው መኪናውን ገዝቶ ነው ዶሮ አርዶ ሐሞቷን የሚያየው፤ እሱ ግን ሞተሩ እንኳን ሳይነሳ አረዳት። ሐሞቷ ሞልቶ፣ ጉበቷ ሸፍኖት ተገኘ፤ መልካም ዕድል ማለት ነው። አቶ ዴልፊን ደስ ብሎት፣ «በቃ አባቴ፣ ከዚህ በላይ ምን መካኒክ አለ?» አለና ዶሮዋ ድስት ገባች።

እኔ እስክትበስል ከመኪናው ሥር ተንጋለልኩ። ሆዱ ታጥቦ ያበራል። በእኛ አገር ሆዱ ንጹሕ የሆነ የአትክልት መኪና አይተህ ታውቃለህ? ዘይት ማፍሰሱን ሊደብቅ ነው ብዬ ስዳብስ የባሰ አገኘሁ፤ ከሞተሩ ጉልበት ወደ ፊት ጎማዎች የሚወስደው ዘንግ ጭራሽ የለም! ልጮህ አልኩና አሰብኩበት። ለመኪና የታረደችን ዶሮ እየበላ ስለዚያው መኪና የሚዋሽ ሰው የለማ። እጄን ታጥቤ ወደ ማዕዱ ቀረብኩ።

አቶ ዴልፊን ጭኗን ሲያነሳ፣ «ጋሼ፣ ይሄ መኪና ምንም አልጎደለውም?» አልኩት። እጁ አፉ ጋ ደርሶ ቆመ። ሚስቱ፣ «አንተ ሰውዬ፣ ተናገር እንጂ! በቤቴ ላይ መዓት ልትጠራብኝ ነው?» አለችው። እሱም አንገቱን ደፍቶ፣ «ዘንጉ... የአሳማው ጋጣ ምሰሶ ሆኗል» አለ። አባባን በሳቅ ሩዙ ትን አለው።

ምሰሶው ሲነቀል ጋጣው ተናደ፤ አሳማዎቹን ስናባርር አመሸን። አቶ ዴልፊን በገዛ እጁ ዘንጉን ገጠመ፣ ዘይት የሚያፈስበትንም ደፈነ። እኔ ግን እዚያው አድሬ፣ ጠዋት ሞተሩ በርዶ ሳለ አስነሳሁት፤ ከዚያ የኋላ ጎማዎቹን ቦይ ውስጥ ከተትኩ። የፊቶቹ ጎትተው አወጡት! ያን ጊዜ ገዛነው።

ትናንት የመጀመሪያውን ጭነት አወጣን። እማማ አልሳፈርም ብላ፣ «ቢቆም ልሸከም» እያለች ከኋላ በእግሯ ተከተለችን። አምና መኪና ሁሉ ጭቃ ይዞት የቀረበትን መታጠፊያ አለፍነው፤ አስፋልቱ ላይ ቆመን ጠበቅናት። ባዶ እጇን ደረሰች። የሞላውን መኪና አይታ፣ እጇን ወደ ኋላ ልካ ጀርባዋን ዳሰሰችና፣ «ሸክም የለመደ ጀርባዬን በረደኝ እኮ፣ ልጆች» አለች። እያለቀሰች ትስቅ ነበር፤ እኔም አልቻልኩም።

አባባ «ዶሮዋ ትክክል ነበረች» በይልኝ ብሏል። እማማ አገላብጣ ስማሃለች፤ እግርህን በሙቅ ውሃ እሽ ትልሃለች። ትንሿ እህታችን ሎሬታም ሰላም ብላሃለች።

እህትህ ጁሊያና
ቡጊያስ፣ ቤንጌት
ጁላይ 14 ቀን 2019