ስድስተኛው መታጠፊያ

እሑድ ከሰዓት፣ ሰኔ 8 ቀን

ለምሳሳልህ ልጄ፣

ስልክ ብደውልልህ ገና «ሃሎ» ሳልል ማልቀሴ ነው፣ አንተም «እማዬ፣ ሥራ ላይ ነኝ» ትለኛለህ። ስለዚህ መጻፍ ይሻለኛል። ነገ ጠዋት ለአውቶቡሱ ሾፌር በእጁ እሰጠዋለሁ፤ ቢሮህ ድረስ ሊያደርስልኝ ምሎልኛል። እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴ ያው እንደምታውቀው ነው። ክር በመርፌ ማስገባት ትንሽ ቢያስቸግረኝም መስፋቱን አልተውኩም። ጀልባዎቹ ካለቁ ወዲህ ግን የምሰፋው የጭነት መኪና ሸራ ብቻ ሆኗል።

ባለፈው ሳምንት የሰፋሁትን ላስረክብ ማዘጋጃ ቤት ሄጄ፣ ግድግዳው ላይ የተለጠፈ ሥዕል አየሁ። ወንዛችን ነው። የጨርቅ ማቅለሚያ ፋብሪካው ቆሻሻ ውሃውን በቱቦ ሊለቅበት ነው፤ ቱቦው የሚወጣው ደግሞ ስድስተኛው መታጠፊያ ላይ ነው። አጠገቡ «ሰው የማይጠቀምበት ዳርቻ» ተብሎ ተጽፏል። ዝቅ ስል ያንተ ስም። የፊታችን ሐሙስ ጠዋት ሥዕሉን የሠራው መሐንዲስ መጥቶ ለሕዝቡ ያስረዳል፣ በዚያው ቀን ይወሰናል ይላል ማስታወቂያው። አምስት ዓመት ሙሉ ና ና እያልኩ ስለምንህ ከርሜ፣ መምጣትህን ከግድግዳ ላይ አነበብኩት። ሆድ ባሰኝ፣ ምን ልዋሽህ።

እኔ ትንፍሽ አላልኩም፤ ሰፈሩ ግን ማንበብ ይችላል። ጀልባ ሠሪው ጎረቤታችን፣ አንተ በልጅነትህ «መጋዝ» ብለህ ስም ያወጣህለት፣ መጥቶ ደጃፌ ላይ ተቀመጠ።

«ቱቦውን የሚቃወም ፊርማ እናሰባስብ» አለኝ።

«ወረቀት ይዞ የመጣ ሰው ሲያይ ማን በሩን ይከፍታል?»

«በጀልባ እየዘፈንን ብንወርድስ ማን ቤቱ ይቀመጣል?»

እውነቱን ነው። መንገዱ አስፋልት ከሆነ ወዲህ የቀዛፊዎቹን ዘፈን የሰማ የለም። ዘጠኝ መታጠፊያ፣ ዘጠኝ ስንኝ፤ የት ጥልቅ እንደሆነ፣ የት እንደሚቆም፣ የት እንደሚቀዳ የሚናገር። የቀረችውን አንድ አሮጌ ጀልባ እሱ ጠገነ፣ እኔ ሸራዋን በተረፈኝ ሰማያዊ የመኪና ሸራ ጣፍኩት። ዓርብ ጠዋት ነፋሱ ሲነሳ እሱ፣ ሚስቱና እኔ ወረድን። ድምፁን ታውቀዋለህ፣ የዳርቻው ውሻ ሁሉ ሸሸን። ሰዉ ግን መጣ፣ ልጄ። ሽማግሌዎቹ እኛን ቀድመው ስንኙን ይቀበሉናል፣ ሚስትየው እየዞረች ታስፈርማለች። እኔ ሸራውን እየሳብኩ እስቅ ነበር። እንዲያ ከሳቅኩ ስንት ዘመኔ።

ስድስተኛው ላይ ስንደርስ ፊቴን ወደ ሸራው አዞርኩ። ስንኙን እሱ ብቻውን አወጣው፦

ከጥቁሩ ድንጋይ ሸራህን አውርደው፣
እንስራህን ሙላ፣ ምንጩ ከሥሩ ነው።

ሸራውን አወረድን። እውነትም ሰው ሰልፍ ይዞ ይቀዳል። አንዲት በእኔ ዕድሜ ያለች ሴት በጣሳ አጠጣችኝና ስለ ሥዕሉ ስትሰማ፣ «እኛ ከዚህ ሌላ የምንቀዳበት የለንም። ይህን የሣለው ሰው እዚህ ደርሶ አያውቅም?» አለችኝ። ጣሳዋን መልሼላት ወደ ጀልባዋ ተመለስኩ።

አምና የጻፍክልኝ ትዝ አለኝ። «እማዬ፣ ወንዙን ያጠናሁት በአንቺ ዘፈን ነው፤ ሰው የት እንደሚቀዳ ከስንኙ ነው የለየሁት» ብለኸኝ፣ እኔም በኩራት ለጎረቤት ሁሉ አንብቤው ነበር። አንተዬ፣ እኔ እኮ ስድስተኛውን ዘፍኜልህ አላውቅም። ማታ ማታ ሳስተኛህ ከአምስተኛው ዘልዬ ሰባተኛውን ነበር የምልህ። ዘጠኙን ስምንት አድርጌ አሳደግኩህ።

«አባቴ የሰመጠው የት ነው?» ስትለኝ «ሩቅ ነው፣ ባሕሩ ጋ» እልህ ነበር። ባሕር አይደለም። የሦስት ዓመት ልጅ ሳለህ የአባትህ ጀልባ የተገለበጠችው እዚያው፣ ጥቁሩ ድንጋይ ጋ ነው። ስንኙን ለማውጣት አፌ እምቢ አለኝ፣ ልጄ። ከዓርብ በፊት እግሬም እዚያ ደርሶ አያውቅም። አንተ ባዶ ብለህ የተውከው እኔ ባዶ አድርጌ የሰጠሁህን ቦታ ነው። ሄደህ አለማየትህ ጥፋት ነው፣ መሐንዲስ ነህና። ትልቁ ጥፋት ግን የእኔ ነው፤ ይቅር በለኝ።

ሥዕሉን ብትለውጥ አለቆችህ እንደሚቆጡ አውቃለሁ። መተዳደሪያህ ነው፣ ቀላል አይደለም። ቢያባርሩህ ሸራ መስፋት አስተምርሃለሁ፤ ክር በመርፌ ለማስገባት እንኳ ከእኔ ዓይን ያንተ ይሻላል። ካልለወጥከው ግን ሐሙስ አዳራሹ ውስጥ ፊት ለፊትህ ተነሥቼ እቃወምሃለሁ። ስንኙንም በሰው ሁሉ ፊት እላለሁ፣ ለምን ደብቄው እንደኖርኩም እናገራለሁ። አትፈርብኝ። ተከራክረን ስናበቃ ሆቴል ምናምን እንዳትለኝ፣ ቤትህ ነው የምታድረው። አልጋህን አንጥፌዋለሁ።

መንገዱ ይቅናህ፤ ከአንደበትህ የማትጸጸትበት ቃል ይውጣ። ያሳደገህ ውሃ ይመርቅህ።

ዓርብ ጠዋት፣ ማንኛችንም ብናሸንፍ፣ በጀልባዋ አባትህ ጋ እወስድሃለሁ።

እናትህ