ዳታቤዙ እስኪነሳ

ውድ ቀስበይ፣

«እንዴት ነሽ» ብዬ ልጀምር ብል እጄ እምቢ አለኝ። አሥራ አንድ ወር ድምፄን አጥፍቼ ዛሬ ደህንነትሽን ብጠይቅ፣ «ደግሞ ምን ፈልጋ ነው?» እንደምትዪ አውቃለሁ። ስለዚህ በወሬ ልጀምር፤ ወሬ እንደምትወጂ ከእኔ በላይ ማን ያውቃል!

ቡድናችን ውስጥ አዲስ ሰው ገብቷል። የኬሚስትሪ መምህርት ነበሩ፤ ሃምሳ ዓመት ካለፋቸው በኋላ ኮድ ተምረው መጡ። ቲቸር እንላቸዋለን። ሰኞ ጠዋት ባዶ ላፕቶፕ ሰጠናቸውና ያንን የእኔና የአንቺን መነሻ ፕሮጀክት ሊያስነሱ ተቀመጡ። ማንም ቡድን ሰርቨሩን ከዜሮ እንዳይጀምር ብለን የሁሉንም አገልግሎት ኮድ ባንድ ጣሪያ ሥር የሰበሰብንበትን ማለቴ ነው።

ደንባችን ትዝ ይልሻል? የማስነሻ መመሪያውን የጻፈው ሰው ከአዲሱ ሰው ኋላ ይቀመጣል፤ እጁን አጣጥፎ፣ አፉን ዘግቶ። መናገር ግድ ከሆነበት፣ የተናገረው ነገር ከመመሪያው ጎድሏል ማለት ነውና ይጻፋል። አንቺ ያወጣሽው ደንብ ነው። እኔም አፌን ዘጋሁ፤ እግሬ ግን አልረጋ ብሎኝ ወንበሩን ሳንቋቋ ነበር።

የመመሪያው አራተኛ እርምጃ ላይ ስክሪኑ በስህተት መልእክት ቀይ በቀይ ሆነ።

«እኔ ነኝ ያበላሸሁት?» አሉ ቲቸር።

 ደግመው ሞከሩ፤ አሁንም ቀይ። መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቀሉና፣ «ልጄ፣ ይሄማ እሳቱ ሳይለኮስ ሙከራውን ጀምሩ እንደማለት ነው። መረጃውን የሚይዘው ዳታቤዝ ገና ሳይነሳ ሌሎቹ አገልግሎቶች ይጠሩታል፤ ሲያጡት ይወድቃሉ» አሉ።

ክው አልኩልሽ። ይህንኑ ነግረሽኝ ነበር። ዳታቤዙ እስኪነሳ ሌሎቹን የሚያስጠብቅ አሥራ ሁለት መስመር ጽፈሽ እንዳጸድቅልሽ ላክሽልኝ። እኔ ምን አልኩ? ቡድኑ ሁሉ በሚያየው ገጽ ላይ ሦስት ቃል፦ «እኔ ጋ ይሠራል።» እኔ ጋማ ለምን አይሠራ! ላፕቶፔ ላይ ዳታቤዙን አጥፍቼው አላውቅ። አንቺም አልመለስሽልኝ፤ በወሩ መሥሪያ ቤት ቀየርሽ። ለጠየቀኝ ሁሉ «ሰልችቷት ነው» ስል ከረምኩ።

ቲቸር ግን ፈልገው ፈልገው ያንቺን ሥራ አገኙት። «ይቺ ልጅ መልሱን አስቀምጣልናለች'ኮ! ለምን ፕሮጀክቱ ውስጥ አልገባም?»

ክፍሉ በሙሉ ዞሮ አየኝ። «የቆየ ነገር ነው፣ እርስዎ እንደ አዲስ ይጻፉት» ብል ያንቺው ተዘግቶ፣ ስምሽም አብሮ ይቀር ነበር። ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር፤ ምን ልደብቅሽ።

«ጥፋቱ የእኔ ነው» አልኩ። «እልህ ይዞኝ ነው።»

«በይ አፍሽን ከፍተሻል፤ ጻፊው!» አሉኝ ቲቸር።

ሥራሽን በስምሽ አስገባሁት፤ ቀዩ ጠፋ። የቀረው ግን መመሪያ ላይ የሚጻፍ ስላልሆነ ይኸው ላንቺ ጻፍኩት። ከዚያ ወዲህ መረጋጋት የለኝም፤ አየችው ይሆን እያልኩ ገጹን እከፍታለሁ፣ እዘጋለሁ፣ ደግሞ እከፍታለሁ።

ሐሙስ ቲቸር በሌላ ባዶ ላፕቶፕ እንደገና ይሞክራሉ። መጥተሽ ከኋላ ተቀመጪ። አፌን ልዘጋ ቃል እገባለሁ፤ ካመለጠኝም ትጽፊብኛለሽ። ደግሞ እውነቱን እወቂው፦ አንቺ ከሄድሽ ወዲህ እኔ ጋም አይሠራም።

ችኩሏ ጓደኛሽ