ከአጎታችን ቡና ሥር የወጣው ቧንቧ

ለምወድህ ወንድሜ ለጋሼ ይርዳው፤

የጅቡቲ ሙቀት እንዴት ይዞሃል? ጤናህስ፣ ሥራህስ? የዓለምዘርፍና ትንሿ ሳባስ ደኅና ናቸው? ያ የወገብህ ሕመም ለቀቀህ ወይ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን አለን። እማዬም አለች፤ የተሰበረው እጇ ግን ብርድ ሲነካው ይጠዘጥዛታል።

አባባ በደርግ ጊዜ ያስገባውን የውሃ መስመር በአዲስ ቀየርነው። የምሥራች ብዬ ልጽፍልህ አስቤ ነበር፤ አልሆነልኝም።

ስድስት ዓመት ሙሉ ቧንቧችን ጠብታ እንጂ ውሃ እንደማይሰጠን ታውቃለህ። አጎታችን ተካ “ብረቱ ዝጎ ነው፤ ምን ይደረጋል” እያለ ሲያጽናናን ኖረ። እማዬ ጀሪካን አዝላ ወንዝ ትወርዳለች። አምና ክረምት ዳገቱ ላይ አዳልጧት እጇ የተሰበረውም በዚሁ ነው። ሆስፒታል ያደረሳት አጎታችን ራሱ ነው፤ አልቅሶላታልም።

ዘንድሮ ቆርጬ ተነሣሁና ሙሴ የሚባል የቧንቧ ሠራተኛ ከሸዋ ቤንች አስመጣሁ። አጎታችን “አሮጌውን አትነካኩ፤ በመንገዱ በኩል ሌላ ዘርጉ” ብሎኝ ነበር። ሙሴ ግን በአሮጌው ቦይ ቢገባ ይቀላል ስላለኝ፣ አጎታችን ለቀብር ማሻ በሄደበት ሳምንት አስቆፈርኩ። አጥሩን ይዘን የአጎታችን ቡና ሥር ስንደርስ ሙሴ ዶማውን አቆመና “እህቴ፣ ይሄ ቧንቧ ሌላም ልጅ አለው” አለኝ። ወርጄ አየሁ። ከቆጣሪያችን ወዲህ በመጋጠሚያ የተቀጠለ ቧንቧ ቀጥ ብሎ አጎታችን ለቡና ነጋዴዎች ወደሚያከራየው አልጋ ቤት ይሄዳል። ለካ የቡና ነጋዴዎቹ ገላቸውን ሲታጠቡ የከረሙት በእኛ ውሃ ነው!

ሲመለስ ጠየቅኩት። አልካደም። “የወንድሜ ውሃ አይደለም እንዴ? እኔስ ድርሻ የለኝም?” አለኝ። እማዬ ደግሞ ሙሴን “ልጄ፣ አትቁረጥበት፤ እንግዶች አሉበት” ስትለው ይባስ አንገበገበኝ። መጋዙን ተቀብዬ በገዛ እጄ ቆረጥኩት።

አዲሱ ውሃ የገባ ዕለት ባልዲው ሞልቶ እየፈሰሰ እማዬ አልዘጋችውም። “ጽጌ፣ ጀሪካን ተሸክሜ በደጁ ሳልፍ እኮ ‘አይዞሽ’ ይለኝ ነበር” አለች። ሽማግሌ ሲልክባት ግን ይቅር አለችው። እኔ አልቻልኩም፤ አትፍረድብኝ። አንተ “አባት ሆነህልናል” እያልክ የጻፍክለትን ደብዳቤ በኪሱ ይዞ ለሰው ያስነብባል። እባክህ ሁለተኛ አትጻፍለት።

የዓለምዘርፍን በጣም ናፍቄያታለሁ በልልኝ፤ ሳባን ጉንጯን ሳምልኝ። እማዬ “ክፉ አይንካህ፣ ውለድ ክበድ” ብላ መርቃሃለች። ሙሴም አይቶህ ባያውቅም ሰላም ብሎሃል። አጎታችንም “ሰላም በይልኝ” ብሎኝ ነበር፤ የእሱን አላደርስም።

እህትህ ጽጌሬዳ
ሚዛን ተፈሪ፣ የካቲት 7 ቀን 1996 ዓ.ም.